ቤት አስጌጩ ከየት አየው?

ባለፈው ሰሞን ከወዳጆቼ ጋር ቡና በመጠጣት ላይ ሳለሁ፣ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እነዚያ ቤት የሚያስጌጡ ባለሙያዎች ሐሳቡን ሁሉ የሚያመጡት ከየት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ድንገተኛ ነበረ፤ ምክንያቱን ግን ወዲያው ተረዳሁት። ወጣቱ ሥራ ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። በቅርቡ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ከደመወዙ ላይ የኪራዩ፣ የታክሲውና የምሳው ሲቀነስ የሚተርፈውን እናንተም ታውቁታላችሁና እኔ አልነግራችሁም። ያም ሆኖ ቤቱን ለማሳመር ቆርጦ ተነሥቷል። በስልኩ ያጠራቀማቸውን የቤት ሥዕሎች አንድ በአንድ አሳየኝ፤ ከመቶ ይበልጣሉ። ሁሉም ያማሩ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ወንድማማች ይመስላሉ። ግራጫ ሶፋ፣ የመስተዋት ጠረጴዛ፣ በጂብሰም የተሠራ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ጥግ የሚፈነጥቅ ሰማያዊ መብራት። «ከእነዚህ አንዱን መርጬ ዕቃውን በዱቤ ልገዛ አስቤያለሁ፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ።

እኔም፣ «መልሱን በመጽሔቱ ላይ እጽፍልሃለሁ» ብዬ ተለየሁት። ለዚህም ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው፣ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችሁ እንደ ሆነ ስለማውቅ ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ሳያውቀው አንድ የቆየ ቁስሌን ስለ ነካብኝ ነው።

እስቲ ከቁስሌ ልጀምር።

እኔም በዕድሜዬ እንደ እናንተ ሳለሁ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልሁ ማግሥት ቤት የማሳመር ፍቅር ያዘኝ። ያን ጊዜ በኪስ የሚያዝ ስልክ ስላልነበረ፣ ሥዕሉን የቀደድሁት ከአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ሶፋ ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ጥቁር ቀይ ከፋይ የለበሰ ነበረ፤ ከበስተኋላውም እስከ ወለሉ የሚወርድ ከባድ መጋረጃ ተዘርግቷል። ሥዕሉን ለአንድ አናጢ ሰጠሁትና፣ «ልክ ይህን የመሰለ» አልሁት። አናጢው ቃሉን የሚያከብር ሰው ነበረና ልክ ያንን የመሰለ ሠራልኝ። የበሩን ስፋት ግን እርሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርሁት።

ሶፋው በመጣ ቀን ሠፈርተኛው ቆሞ ሲያይ፣ በቁመት ቢሉት፣ በጎን ቢሉት፣ ቢገለብጡት፣ አልገባም አለ። በመጨረሻ የበሩ መቃን ተነቅሎ ገባ። የመቃኑንም ዋጋ ለቤቱ ባለቤት ከፈልሁ። ከገባ በኋላ የክፍሌን እኩሌታ ወሰደው። መጋረጃው አንዲቱን ትንሽ መስኮት ስለ ሸፈናት በእኩለ ቀን መብራት ማብራት ግድ ሆነብኝ። የሶፋው እግር ከዓመት በኋላ ሲሰበር ዕዳው ግን ገና ጠንካራ ነበረ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሚብሰው ወዲህ ነው። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጣ፣ ስንደዶና አክርማ በወስፌ እየሰፋች የሠራችውን መሶብ ከአገር ቤት በዘመድ እጅ ልካልኝ ነበረ። ያን መሶብ ከዚያ ቀይ ሶፋ አጠገብ ለማስቀመጥ አፈርሁ። ሊጠይቁኝ የሚመጡት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ባላገር» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ሸሸግሁት። እዚያም ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። በሶፋው ላይ አስቀመጥኋት። ጀርባዋን ደገፍ ብትል እግሯ ከወለሉ አልደርስ አላት፤ እግሯን ብታወርድ ጀርባዋ ድጋፍ አጣ። ጥቂት ታግሣ ተነሣችና በርጩማ ስባ ብርሃን በሚገባበት በበሩ አጠገብ ተቀመጠች። በማግሥቱ ቤት ስትጠርግ መሶቡን ከአልጋው ሥር አገኘችው። ጋዜጣውን ፈታች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቦታ አጣህለት እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም።

እኔም መልስ አልነበረኝም። ለሰው አገር ሶፋ የበሬን መቃን ነቅዬ ቦታ ሳበጅ፣ ለእናቴ መሶብ አንዲት ክንድ ቦታ አጥቼ ነበርና።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። በዓለም ስማቸው የገነነ ቤት አስጌጮች ሐሳባቸውን የሚቀዱት ከሌላ ሰው ቤት ሥዕል ላይ ይመስላችሁ ይሆናል። የሥራቸውን ታሪክ ስንመረምር ግን የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል ሦስቱን ላንሣላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስ ነው። በ1834 ተወልዶ በ1896 የሞተ፣ ባለቅኔም፣ የጌጥ ነዳፊም፣ ሸማኔም የነበረ ሰው ነው። ሞሪስ ሚስት ባገባ ጊዜ ፊሊፕ ዌብ የሚባለው ወዳጁ ከለንደን ወጣ ባለ ሥፍራ የሚሠራ ቤት በቀይ ጡብ ነደፈለት። ቤቱ አለቀ፤ ዳሩ ግን ሞሪስ ከገበያ ያገኘው ዕቃ አላስደሰተውም። ስለዚህ እርሱና ሚስቱ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ግድግዳውን ራሳቸው ቀቡ፤ መጋረጃውን ራሳቸው ጠለፉ። ከዚህም የተነሣ ሞሪስና ወዳጆቹ በ1861 የቤት ማስጌጫ ድርጅት አቋቋሙ።

በ1862 ሞሪስ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ለመንደፍ ሲነሣ ሩቅ አልሄደም። በገዛ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ የሚንጠላጠልበት የእንጨት ርብራብ ነበረ፤ እርሱን አይቶ ነደፈ። በርብራቡ ላይ የሚያርፉትን ወፎች መሣል ግን እንደማይሆንለት ስላወቀ ለዌብ ሰጠውና ዌብ ሣላቸው። የሚችለውን በማየት፣ የማይችለውን በመጠየቅ ሥራው ተፈጸመ።

ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። ሞሪስ ኬልምስኮት በሚባለው የገጠር ቤቱ እንጆሪ ያስተክል ነበረ። ደረታቸው ነቁጥ ያለባቸው ዘማሪ ወፎች ማለዳ ማለዳ ወደ እንጆሪው መደብ እየገቡ ፍሬውን ይሰርቁታል። አትክልተኛው በንዴት አንገታቸውን ሊጠመዝዝ ሲቃጣው፣ ሞሪስ ግን ወፎቹን ማንም እንዳይነካቸው ይከለክል እንደ ነበረ ሴት ልጁ ተናግራለች። ከዚያ የማለዳ ስርቆት ላይ ተነሥቶ በ1883 «የእንጆሪ ሌባ» የተባለውን ጨርቅ ነደፈ። ጨርቁ አስቀድሞ በሙሉ በኒል ሰማያዊ ሆኖ ይነከራል፤ ሥዕሉ በሚወጣበት ቦታ ሰማያዊው ቀለም በመድኃኒት ይነጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀዩና ቢጫው ይታተማል። ሥራው ቀናት የሚፈጅና ዋጋው የከበደ ነበረ፤ ነገር ግን ሰው ወደደው። ያ ሥዕል እነሆ ዛሬም በመጋረጃና በትራስ ላይ እየታተመ ይሸጣል። አንድ የሌባ ወፍ ማለዳ ይህን ያህል ዘመን ኖረ ማለት ነው።

ሁለተኛው አሌክሳንደር ጂራርድ ይባላል። በ1907 በኒው ዮርክ ተወልዶ ያደገው በኢጣልያ፣ በፍሎሬንስ ከተማ ነው። በዚያ አገር በገና ሰሞን የጌታን ልደት የሚያሳዩ ትንንሽ ምስሎችን በግርግም ዙሪያ መደርደር የቆየ ልማድ ነውና፣ ሕፃኑ ጂራርድ በእነዚያ ምስሎች ፍቅር ተያዘ። አድጎም ቤትና መሥሪያ ቤት አስጌጭ ሆነ። ከ1952 ጀምሮ ኸርማን ሚለር በሚባለው የአሜሪካ የዕቃ ፋብሪካ የጨርቃ ጨርቁ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ ደማቅ ሮዙን ከብርቱካኑ፣ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር ያለ ፍርሃት ያጋጥም ነበረ።

ይህን ድፍረት ያገኘው ከታላላቅ ሠዓሊዎች ብቻ አልነበረም። ጂራርድና ሚስቱ በየአገሩ እየዞሩ ባላገሮች ለልጆቻቸው የሚሠሩትን የጭቃ ፈረስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የገበያ ቅርጫትና ጥልፍ ሁሉ ይሰበስቡ ነበረ። በ1978 ይህን ስብስብ በኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ ለሚገኘው የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም ሲሰጡ የዕቃው ብዛት ከ100,000 በላይ ነበረ። ልብ በሉ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው «ይህማ ምን አላት» ብለው በገበያ ሜዳ ላይ በጥቂት ሳንቲም የሸጡት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው የአበው ተረት በዓለም ሁሉ የሚሠራ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ሻርሎት ፔሪያንድ የምትባል ፈረንሳዊት ናት፤ ከ1903 እስከ 1999 ኖራለች። በ1928 ከሌ ኮርቡዚየና ከፒየር ዣንሬ ጋር ሆና ሰው ተንጋልሎ የሚያርፍበት አንድ ወንበር ነድፋ ነበረ። ወንበሩ ከቱቦ ብረት የተሠራ፣ ለዘመኑ እጅግ አዲስ የሆነ ነገር ነው። በ1940 የጃፓን መንግሥት የእጅ ጥበባቸውን እንድታይና እንድትመክር ጋበዛትና ሄደች።

አንባቢዎቼ፣ እኔ በእርሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ያን የብረት ወንበር በመርከብ ጭኜ ወስጄ፣ «ልክ ይህን የመሰለ ሥሩ» እላቸው ነበረ። እርሷ ግን የየአገሩን የእጅ ሠራተኞች እየዞረች ተመለከተች፤ ቀርከሃ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ እንዴት እንደሚለመጥ፣ የሰውን ክብደት እንዴት እንደሚሸከም አጠናች። ከዚያም ያንኑ ወንበር በቀርከሃ አሠርታ በ1941 በቶክዮና በኦሳካ ለሕዝብ አሳየች። የሰውነት ማረፊያ የሆነው ጎባጣ መስመር እንዳለ ቀረ፤ ብረቱ ግን ለቀርከሃው ቦታ ለቀቀ።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ዘመናቸውም አገራቸውም የተለያየ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ግን አለ። ሦስቱም በፊታቸው ያለውን ነገር አተኩረው አዩ፤ ካዩም በኋላ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ከነገሩ የወሰዱት መልኩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ነው። የእኔ ስሕተት የነበረው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ሶፋ መልክ ወሰድሁ፤ ሶፋው ለምን ያን ያህል ሰፋ? ክፍሉ አዳራሽ ስለ ሆነ ነው። መጋረጃው ለምን ያን ያህል ከበደ? የአገሩ ክረምት በረዶ ስለ ሆነ፣ ብርድ በመስኮት እንዳይገባ ነው። እኔ ግን አዳራሽም በረዶም በሌለበት ክፍል ውስጥ ምክንያቱ የቀረበትን መልክ አምጥቼ ደረደርሁት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው።

«እንግዲያው ምሳሌህ ሁሉ ከባሕር ማዶ ለምን ሆነ?» ትሉኝ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። ቀርከሃን ካነሣን ዘንድ፣ በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ቤታቸውን በቀርከሃ የሚሠሩት መሶብ እንደሚሰፋ አድርገው ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ሲሄድ ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል እንጂ አይወድቅም፤ ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው እንዳለ አንሥተው ይወስዱታል።

ከሁሉ ይልቅ ለጠባብ ቤት ኗሪ ትምህርት የሚሰጠው ግን የሐረር ቤት ነው። በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በጀጎል ቅጥር ውስጥ በጠባቡ መንገድ ስትሄዱ ከውጭ የሚታያችሁ ጌጥ የሌለው ግንብ ነው። የግቢውን በር አልፋችሁ ጊድር ጋር ወደሚባለው ዋና ክፍል ስትገቡ ግን ዓይናችሁ የሚያርፍበት ይበዛበታል።

በባህሉ መሠረት በተሠራው ክፍል ውስጥ ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ነደባ የሚባሉት እነዚህ መደቦች አምስት ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ሰው አለው፤ የቤቱ ጌታ የት፣ ሽማግሌ የት፣ ወጣት የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ይናገራል። በግድግዳው ውስጥ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ መስኮት የመሰሉ ጉድጓዶች አሉ። ከዚያ በላይ ሴቶች በእጃቸው የሰፏቸው ባለ ብዙ ቀለም ስፌቶችና የምግብ ዕቃዎች እስከ ላይ ድረስ ተሰቅለዋል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ ካለ፣ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክት ነበረ ይባላል። የወለሉ ቀይ አፈር ደግሞ በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደ ሆነ ሲነገር የኖረ ነው።

እስቲ ይህን ቤት በምክንያት ዓይን እንየው። ግድግዳው ቁም ሣጥን ነው። ወለሉ ወንበር ነው። ጌጡ ነገ እንግዳ ሲመጣ ወርዶ ምግብ የሚቀርብበት ዕቃ ነው። ቀለሙ መታሰቢያ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለታይታ ብቻ የተቀመጠ የትኛው ነው? ክፍሉ ጠባብ ሲሆን ወለሉን በዕቃ ከመሙላት ይልቅ ግድግዳውን ማሠራት እንደሚሻል የሐረር ሴቶች ያወቁት ማንም የቤት ማስጌጥ ትምህርት ሳያስተምራቸው ነው። አንድ ክፍል የተከራያችሁ ሁሉ ይህችን ብቻ ብትወስዱ ከአንድ መቶ ሥዕል ትበልጣለች።

ሐረር ሩቅ ነው ለሚለኝ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ አስተማሪ አለኝ። እርሱም በእኅታችሁ ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ ነው። እስቲ ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ሰፊው ሜዳ ነጭ ነው። ቀለሙ ከዳር ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ጣት አይሰፋም። ጥለቱ የሚደምቀው በዙሪያው ያለው ነጭ ዝም ስላለለት ነው። ሸማኔው ሜዳውን ሁሉ በጥለት ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ጥለቱ ጥለት መሆኑ በቀረ ነበረ። አሁን ወጣቱ ወዳጄ ያሳየኝን ቤቶች አስቡ፤ ጣሪያው ያጌጠ፣ ግድግዳው ያጌጠ፣ ምንጣፉ ያጌጠ፣ መጋረጃው ያጌጠ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር ማን ይደመጣል? ግድግዳችሁን ነጭ አድርጋችሁ ተዉት፤ ቀለማችሁን ከአንድ ጥለት ላይ ምረጡ፤ ከሦስት አይብለጥ፤ እርሱንም በአንድ ወገን ብቻ፣ በትራስ ወይም በአልጋ ልብስ ላይ አውሉት። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ባልዲ ቀለም ዋጋና የአንድ ቅዳሜ ጉልበት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንዳትሳሳቱብኝ። ቤታችሁን የባህል ምግብ ቤት አስመስሉት ማለቴ አይደለም። ጋሻና ጦር፣ ማሲንቆና አገልግል፣ የቀንድ ዋንጫና ቆዳ ከየገበያው ሰብስቦ በአንድ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ከቀይ ሶፋዬ የተለየ ነገር አይደለም፤ እርሱም ምክንያት የሌለው መልክ ነው። ሶፋም ጠላት አይደለም። ወገባችሁን የሚያሳርፍ፣ በበራችሁ የሚገባ፣ በዕዳ የማያስጨንቃችሁ ከሆነ ተቀመጡበት። እኔ የምለው ከመግዛት በፊት ማየት ይቅደም ነው።

ማየትን ለመልመድ የሚረዱ ሦስት ነገሮች ልምከራችሁ፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ከክፍላችሁ ሳትወጡ ዋሉ። ከጠዋቱ በ2 ሰዓት፣ ከቀኑ በ7 ሰዓት፣ ከዚያም በ11 ሰዓት ብርሃኑ የት የት እንደሚወድቅ በእርሳስ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። የምታነቡበትን ጠረጴዛ ብርሃን በሚበዛበት አኑሩ፤ አልጋውን ብርሃን በሚያንስበት አድርጉ። ብዙ ሰው መብራት የሚያበራው ጠረጴዛውን የተሳሳተ ቦታ ስላቆመው ነው። እናቴ በበሩ አጠገብ ስትቀመጥ ይህን በአንድ አፍታ አይታው ነበረ።

ሁለተኛ፣ ሜትር ተበደሩና የበሩን፣ የደረጃውንና የክፍሉን ስፋት ለኩ። በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ሥር ስታልፉ ቁም ሣጥን በገመድ ታስሮ በበረንዳ በኩል ሲጎተት አይታችሁ ይሆናል። ከታች «ቀስ!» ከላይ «ሳብ!» ይባላል፤ ባለ ዕቃው መሐል ሆኖ ወዙ ይንጠፈጠፋል። ያ ሁሉ ጭንቅ በአንድ ሜትር ሊቀር የሚችል ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘባችሁን ቤት ትታችሁ ደብተር ይዛችሁ ውጡ። ወደ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጥለቶቹን ተመልከቱ፤ ወደ መርካቶ ሄዳችሁ ባለ ቅመሟ በርበሬውን ከእርድ፣ እርዱን ከጥቁር አዝሙድ ጎን እንዴት እንዳስቀመጠችው እዩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም እንዳለላችሁ አትርሱ፤ ከየአገሩ የመጣው የቤት ዕቃ እዚያ ተሰብስቧል። አንድ ያማረ ነገር ባያችሁ ቁጥር «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። በርጩማው ለምን ሦስት እግር ሆነ? ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሦስት እግር ስለማይንገዳገድ ነው። ጀበናው ለምን ታቹ ሰፍቶ አንገቱ ቀጠነ? ሰፊው ታች እሳቱን ይቀበላል፤ ቀጭኑ አንገት አተላውን ወደ ኋላ ያስቀራል። እንዲህ ያለው ደብተር ሃያ ገጽ ሲሞላ፣ ሐሳብ ከየት ይመጣል ብላችሁ ሌላውን ሰው መጠየቅ ትተዋላችሁ።

የእኔስ ነገር በምን ተፈጸመ? ሶፋውን ሰፊ በር ላለው ሰው በኪሣራ ሸጥሁት። ከባዱን መጋረጃ አውርጄ በቦታው ስስ ሸማ ሰቀልሁ። ክፍሌ በእኩለ ቀን ብርሃን አገኘች። መሶቡንም ከአልጋው ሥር አውጥቼ በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ጓደኞቼ ሲመጡ «ባላገር» የሚለኝ ጠፍቶ፣ «ይህን የት አገኘኸው?» ብለው የሚጠይቁኝ በዙ።

እናቴ በሌላ ጊዜ ስትመጣ፣ ገብታ ነጠላዋን ሳታወርድ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። ያመሰግናታል ብዬ የጠበቅሁት ቃል ግን አልወጣትም። ወደ መስኮቱ ሄደችና መሶቡን በሁለት እጇ ይዛ በትንሹ ዞር አደረገችው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብላ አየችው። እንደገና ጥቂት አዞረችው። ያን ጊዜ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በቀዩና በወይን ጠጁ ስፌት ላይ ዐረፈ፤ ሁለት ዓመት ከአልጋዬ ሥር የከረመው ቀለም እንዲያ ያለ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠችና ስለ አገር ቤት ዝናብ ታወራኝ ጀመር።

ያ ወጣት ወዳጄም ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ መልሴ ይኸው ነው፤ ቤት አስጌጮች የሚያመጡት ከዚያው እናቴ ካመጣችበት ነው። ሥዕሎቹን ማየት አልከለክለውም። የዱቤውን ውል ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ የዕረፍት ቀን በክፍሉ ውስጥ ይዋል፤ ከእናቱም ቤት የቀረ፣ አፍሮበት የሸሸገው ነገር ካለ ያውጣው። አራተኛ ፎቅ መሆኑንም አይርሳ፤ ደረጃውን ይለካ።

ለሚመጣው ሳምንት በቸር ያገናኘን።